ለእርሻ ነው ለእርድ?

ጠዋት ላፕቶፔን አበራና ጀበና እጥዳለሁ። አቦሉ ሲቀዳ የዊንዶውስ ምልክት ብቅ ይላል፤ ከሥሩ ነጠብጣቦቹ እርስ በርስ ይባረራሉ። ቶናው ላይ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። በረካው ተጠጥቶ ጎረቤቶች መርቀው ሲነሱ አንድ ፊደል መጻፍ እችላለሁ። ባለቤቴ «ይሄ ላፕቶፕ ባይኖር ኖሮ ጀበና በየት በኩል እንደሚያዝ ሳታውቅ ትሞት ነበር» ትለኛለች። ጎረቤቶችም ወንድ ያፈላውን ቡና ሲጠጡ አንድ ሁለት ቀን ተሳሳቁብኝ፤ ከዚያ ለመዱት። እንዲያውም ሰዓቱን ጠብቀው መምጣት ጀመሩ።

መዘግየቱን ችዬው ነበር። ያላስቻለኝ የፊደሏ ነገር ነው። አምስት ወር ይሆነዋል፤ የፈተና ወረቀት እያዘጋጀሁ ሳለ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ነቅንቄ ከፈትኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከ90 ዓመት በላይ በጠርሙስ ሲታሸግ የኖረን ውሃ፣ እዚሁ አምቦ ተወልዶ አድጎ፣ አከፋፈቱን የማያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ውሃው እንደ ምንጩ ቡልቅ ብሎ ኪቦርዱ ላይ ተደፋ። በጨርቅ ጠረግሁት። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። «ሩዝ ውስጥ ቅበረው» ያለኝን ሰምቼ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት። ቁልፎቹ ሁሉ ተረፉ፤ አንዷ ብቻ አልተመለሰችም፤ ኤል።

በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ኤል ብትጎድል አንድ ፊደል ጎደለች ማለት ነው። በፓወር ግዕዝ አማርኛ ለሚጽፍ ግን ኤል ማለት ለ ናት፤ ለ ስትሄድ ደግሞ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይከተሏታል። እስኪ ያለ ለ ፈተና አውጡ! «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» የሚለው፣ መምህር ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደግመው ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ቦታ ላይ ተሰበረብኝ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ክልል አይጻፍም። ደለል አይጻፍም። ቆላ ከካርታው ጠፋ፤ ደጋና ወይና ደጋ ብቻ ቀሩ። «የወንጪ ሐይቅ የት ይገኛል?» ማለት ስላልቻልኩ «የወንጪ ሐይቅ የሚገኘው የት ነው?» አልኩ፤ በዚህስ ተመስገን ነው። ምርጫዎቹ ግን ሀ፣ ሐ፣ መ ሆኑ። ፈተናው በተሰጠ ዕለት አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ለ የት ሄደ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ለ መልስ አይደለም» አልኩና አለፍኩት። ክፍሉ በሙሉ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፈው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚሁ ከአምቦ አጠገብ፣ ከቦዳ የተነሳው ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን «ሀ ሁ በስድስት ወር» የተሰኘ ተውኔት አለው። የእኔ ላፕቶፕ በአምስት ወር ከሀ ወደ ለ መሻገር አቅቶት ቁጭ አለ። ኋላ ላይ አንድ ዘዴ ተማርኩ፤ ለን ከድሮ ፈተና ላይ እየቀዳሁ መለጠፍ። አንድ «ክልል» ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ቀድቶ ሁለት ጊዜ መለጠፍ ነው። አንድ ገጽ ሲያልቅ ፈተናውን ያወጣሁት ሳይሆን የጠረብኩት መሰለኝ። አዲስ ላፕቶፕ ልገዛ ወሰንኩ።

አምቦ ውስጥ ላፕቶፕ ልገዛ ነው ብሎ መናገር ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ እንደ መናገር ነው፤ መድኃኒቱን የማያውቅ የለም። ፍል ውሃው በር ላይ ያገኘሁት የሥራ ባልደረባዬ «ዋናው ራም ነው» አለኝ። መናኸሪያው አካባቢ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳልኝ ልጅ «ራም ምን ያደርጋል፣ ዋናው ስቶሬጅ ነው» አለኝ። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ደግሞ መቀሱን ጆሮዬ ሥር እንደያዘ፣ «ኮር አይ 7 ካልሆነ እንዳትነካው!» አለኝ፤ መቀስ የያዘን ሰው አልከራከርም። አንድ ጎረቤቴ የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «የአሜሪካ ነው የዱባይ?»

ሁነኛውን ምክር የጠበቅሁት አምቦ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። እሁድ ጠርቼው ቡና ተፈላ። ከጉደር አጎቴም መጥተው ነበር። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ከጉደር እስከ ጊንጪ ያሉ ገበያዎች ውስጥ ያልዳሰሱት ሻኛ የለም ይባላል። አሁን እግራቸው ደክሟል፣ ጆሯቸውም እንደ እግራቸው ነው።

«ጋሼ» አለኝ ልጁ፣ «ቢያንስ አሥራ ስድስት ጂቢ ራም ያስፈልግሃል።»

አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ስንት ጅብ?»

«አሥራ ስድስት ጂቢ ራም!» አለ ልጁ ጮክ ብሎ።

«አሥራ ስድስት ጅብ ለአንድ ላም?» አሉ አጎቴ፣ ፊታቸው ተጨማዶ። «ታዲያ ላሟ ምን ተረፋት፣ ልጄ?»

ሳቃችን እስኪበርድ ሁለተኛው ጀበና ተጣደ። ልጁ ጂቢ የመጠን ስም እንደሆነ፣ ራምም ላፕቶፑ እየሠራ ያለውን ሥራ ዘርግቶ የሚይዝበት ቦታ እንደሆነ፣ ስቶሬጅ ግን ዕቃው ተቀምጦ የሚያድርበት መሆኑን አስረዳቸው። ባለቤቴ ከጀበናው ሳትነሳ «ስቶሬጅ ጓዳ ነው፤ ራም ምድጃ ነው። ጓዳው ቢሞላ ምድጃው አንድ ከሆነ ወጡን አውርደህ ነው ሩዙን የምትጥደው» አለች። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ አንድ ሴሚስተር የተማረውን ነው የነገረችው። ራሙ ሲጠብበት ላፕቶፑ የጀመረውን ሥራ እያወረደ ስቶሬጁ ላይ ያስቀምጣል፤ መልሶ ሲፈልገው ደግሞ ይሸከመዋል። መንቀርፈፉ ከዚህ ምልልስ ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ» አሉ፣ «ለእርሻ ነው ለእርድ?»

በከብት ገበያ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። ለእርሻ የሚፈልግ ትከሻውን፣ ሰኮናውንና ጠባዩን ያያል። ለእርድ የሚፈልግ ሥጋውን ያያል። ለእርሻ ብሎ የሰባ ገዝቶ የገባ ሰው ታሪኩ ከበሬው ዕድሜ በላይ ይወራል። ከተማው በሙሉ ሲመክረኝ ይህን የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። የእህቴ ልጅ እንኳ ያዘዘልኝ ለራሱ የሚመኘውን ነው፤ ጌም የሚጫወተው እሱ፣ ቪዲዮ የሚቆርጠው እሱ። እኔ ፈተና እጽፋለሁ፣ የተማሪ ውጤት በኤክሴል እደምራለሁ፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ፊልም አያለሁ፤ እሱንም ሳልጨርስ እተኛለሁ። እርሻ ነው፤ ያውም የጓሮ እርሻ።

ልጁ ይህን ሲሰማ ከአሥራ ስድስቱ ጅቦች ስምንቱን መለሰ። 8 ጂቢ ራም ይበቃሃል አለኝ፤ ግን ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ እንዳይሆን፣ ነገ ልጨምር ብትል ቀዳዳ ያለው ይሁን። ስቶሬጁ 256ም ቢሆን ኤስኤስዲ ይሁን፤ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አንድ ቴራ ነው ብለው ቢሰጡህ እንዳትቀበል። የማይገባ ነገር ካለህ ክላውድ ላይ ታስቀምጠዋለህ።

«ክላውድ ምንድን ነው?» አሉ አጎቴ።

«ደመና ማለት ነው። ፋይሉ ሌላ ቦታ ይቀመጥና በኢንተርኔት ታወርደዋለህ።»

«አውቀዋለሁ» አሉ አጎቴ። «ላም አለኝ በሰማይ።» የዚያን ዕለት ጠዋት የኢንተርኔት ጥቅሌ አልቆ ስለነበር ልከራከራቸው አልቻልኩም።

ቀጥሎ የመጣው አጎቴን ይበልጥ ደስ አሰኛቸው። ልጁ «ኮር አይ 7 የሚለው ብቻውን ምንም አይደለም፤ ጀነሬሽኑን ማየት አለብህ» አለ። ከሰረዟ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ታነባለህ፤ በ1 ከጀመረ ሁለቱን አሃዝ፣ ካልጀመረ የመጀመሪያውን ብቻ። አይ 7-4600 ካለ አራተኛ ጀነሬሽን ነው፤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ ሁለት ኮር ብቻ ያለው። አይ 3-1215 ካለ አሥራ ሁለተኛ ነው፤ ስሙ ትንሽ ነው እንጂ ስድስት ኮር አለው፣ ያንን አይ 7 አቧራ አልብሶት ያልፋል። ከስምንተኛ በታች ያለውን ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 አይቀበለውም፤ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል።

«ጥርስ ማለትህ ነው!» አሉ አጎቴ። «ይሄን ያህል ጊዜ ጥርስ አለው አትልም?» ያልገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በላፕቶፕ ጥርስ በበዛ ቁጥር ወጣት መሆኑ። እሱንም «የፈረንጅ ከብት ነው» ብለው ተቀበሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ብቻህን ገበያ አትወጣም» አሉኝ።

ሐሙስ ማለዳ ከአጎቴ ጋር ተሳፈርን። አሮጌው ላፕቶፕ ጭኔ ላይ ነው፤ ጭማሪ ከፍዬ ለመለወጥ አስቤያለሁ። ከአምቦ አዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጎቴ ግን መንገዱን የሚቆጥሩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በገበያ ነው። ጊንጪ ላይ በ1970ዎቹ የሸጡትን ወይፈን አስታወሱ። ኦሎንኮሚ ላይ የተታለሉበትን አስታውሰው ዝም አሉ። አዲስ ዓለም ስንደርስ በመስኮቱ እያሳዩኝ፣ «ምኒልክ እዚህ ሊቀመጡ ነበር እኮ» አሉ። እውነት ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ንጉሡ ከተማቸውን ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊመጡ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በመሃል ባሕር ዛፍ መጣ፤ ተተከለ፣ ቶሎ አደገ፣ ማገዶ ሆነ። አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች፤ እዚህ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ደግሞ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። «ይሄ ሁሉ ጉድ በዛፍ!» አሉና ሆለታ እስክንደርስ አንቀላፉ።

አዲስ አበባ የገባንበት ሱቅ ከወለል እስከ ጣሪያ ላፕቶፕ ነው። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ አባባ፣ ግቡ» ብሎ ወንበር ሰጠን። አጎቴ አልተቀመጡም። አንዱን ላፕቶፕ ብድግ አድርገው በመዳፋቸው መዘኑት፣ ገለበጡት፣ ሆዱን አዩ፣ ማጠፊያውን ከፍተው ዘጉት፣ ከዚያ «ሜቃ?» አሉ። ሻጩ የአምቦ ሰዎች መሆናችንን ያወቀው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ በኦሮምኛ መለሰላቸው። ሠላሳ አምስት ሺህ።

«ኮር አይ 7 ነው፣ አባባ። ቀጥ ያለ የአሜሪካ።»

«ጥርሱን አሳየኝ።»

ሻጩ ወደ እኔ አየ። እኔ የእህቴ ልጅ እንዳስተማረኝ የማሽኑን መረጃ ከፈትኩ፤ አይ 7-4600። «አራት ነው» አልኳቸው። አጎቴ ክዳኑን በቀስታ ዘጉት፤ የሞተ ሰው ዓይን እንደሚከደን።

ሌላ አወጣልን፤ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ አሥራ ሁለተኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጂቢ፣ 512 ኤስኤስዲ፣ የልጁ ትእዛዝ አንድም ያልጎደለበት። ዋጋው ሰባ ስምንት ሺህ። የስድስት ወር ደመወዜ ነው። ሻጩ ዶላሩን ከሰሰ፤ አልፈረድኩበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ ላፕቶፑ አብሮት ነው የወጣው፤ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። እኔም የማወጣው ሌላ ስላልነበረኝ አሮጌዬን አወጣሁ። «ይሄን ስንት ትይዝልኛለህ?»

ሻጩ በሁለት ጣቱ ያዘው። ማዕዘኑ ተሰንጥቋል አለ። ባትሪው ሞቷል አለ። ቁልፍ ጎድሎታል አለ። ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የገዛ በሬህ በገበያ መሃል ሲሰደብ መስማት ከባድ ነገር ነው። የጠራው ዋጋ የአንድ ደህና በግ ነበር። አጎቴ ፊታቸው ተለወጠ።

«የዚህኛውስ ጥርስ ስንት ነው?»

ዝም አልን። ለካ አምቦ ሙሉ ሲመክረኝ፣ የእህቴ ልጅ ሲያሰላ፣ እኔ ራሴ አምስት ወር ስረግመው፣ የእሱን ጥርስ ያየ ሰው የለም! አበራሁት። ሱቁ ውስጥ ቡና አልነበረም፤ ስለዚህ ዝም ብለን ጠበቅን። ሁለት ደንበኛ ገብቶ ወጣ። ሻጩ ስልክ ተነጋግሮ ጨረሰ። በመጨረሻ ተከፈተ፤ አይ 5-8250። ስምንተኛ! ባለ አራት ኮር። ከእሱ ጎን ራም 4 ጂቢ ይላል፤ ዲስኩ ደግሞ ምንም ሳንነካው 100 ከመቶ ላይ ቀይ ለብሶ ተሰቅሏል።

አጎቴ ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት። «በሬው አላረጀም» አሉ። «ከስቷል።»

ሻጩ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሽያጩን ትቶ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለ ጠጋኝ አመለከተን። ጠጋኙ ጠረጴዛ በምታህል ቦታ ተቀምጦ፣ መርፌ በምታህል መፍቻ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ማግኔት ላይ ደረደራቸው። ሆዱን ሲከፍተው አቧራ፣ አንድ የደረቀች ጉንዳን፣ እና ሁለት ፍሬ ሩዝ ወጣ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁም።

ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። በደቂቃ 5400 ጊዜ ሲሽከረከር የኖረ ነገር እንዲህ ቀዝቅዞ ሲያዝ ያሳዝናል። ስድብም አይገባውም፤ በዘሩ ፊት ጀግና ነው። አይቢኤም በ1956 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ አንድ ቶን ገደማ እየመዘነ የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ፊደል ያህል ነበር፤ በአይሱዙ ጭነህ አምጥተህ ዛሬ በስልክህ የምታነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች አይችልም። ጠጋኙ በቦታው ማስቲካ የምታህል ኤስኤስዲ ሰካ፤ በውስጧ የሚሽከረከር ነገር የለም። ከራሙ ጎን ባዶ ቀዳዳ ነበር፤ ሌላ 4 ጂቢ ጨመረበት። ኪቦርዱንም ለወጠው። ጠቅላላው ከአዲሱ ዋጋ ሩቡን አልሞላም።

«ባሕር ዛፍ ተከልክበት» አሉ አጎቴ።

ጠብ የተነሳው ልንወጣ ስንል ነው። ስቶሬጁን ከፈትኩና አየሁ፤ የከፈልኩት ለ512 ነው፣ ስክሪኑ 476 ይላል። 36 ጎድሏል! ጠጋኙ ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ እንደሚመልስ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ ፋብሪካው ሲቆጥር በ1000 እንደሚያባዛ፣ ዊንዶውስ ግን በ1024 እንደሚያካፍል፣ ዕቃው አንድ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ እንደሚለያይ ነገረኝ። እኔ አልገባኝም ነበር። አጎቴ ግን ክንዴን ያዙኝ፤ «ተወው፣ ቁናው ነው። የሻጭ ቁናና የገዢ ቁና መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል? እህሉ አለ።»

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ላፕቶፔን አብርቼ ወደ ጀበናው ዞርኩ። ከሰሉ ገና አልተያያዘም፤ ዘወር ስል የይለፍ ቃል እየጠየቀ ይጠብቀኛል። ግራ ገባኝ። ቁጭ ብዬ ያቺን አዲስ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ለ። ለ ለ ለ ለ። አንድ መስመር ሞላሁ። ቀጥዬ ላም ብዬ ጻፍኩ፣ ቆላ፣ ደለል፣ ክልል። ጎረቤቶች በሰዓታቸው መጡ፤ ቡና አልተፈላም። «ምነው፣ ደህና አይደለም እንዴ?» ብለው ባለቤቴን ጠየቋት። «ላፕቶፑ ድኖበት ነው» አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት የወር ፈተና አወጣሁ። ያለ ስስት ነው የጻፍኩት፤ «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» የሚለውን በየገጹ አናት ላይ ደገምኩት። ደስታዬ እጄን ሳይመራው አልቀረም፤ ሳላስበው ከሃያው ጥያቄ የአሥራ አራቱ መልስ ለ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ሳርም ግን ከአርባ ሁለት ተማሪ አንድም ለን የመረጠ የለም። ምን ነክቷችኋል ብዬ ወረቀቱን እያርገበገብኩ ክፍል ገባሁ።

ያ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ለ መልስ አይደለም ብለውን ነበር እኮ።»